«አንደኛ ወጥታ ሶሻል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። 10ኛ ክፍልን ጨርሼ ወደ 11ኛ ልገባ ነው። ከክፍሌ አንደኛ ነኝ። የምወደው ግን ጂኦግራፊ ስለሆነ ሶሻል መግባት እፈልጋለሁ። አባቴ «አንደኛ ወጥታ ሶሻል? ሰው ምን ይለኛል!» ብሎ አኩርፏል። ጓደኞቼም «ሶሻል የሰነፍ ነው» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?
ት.፣ ከደሴ

መልስ፦ ልጄ፣ እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው የሸበትኩት። ወዴት እንደማደላ ቀድመሽ እወቂው።

ሐኪምና ኢንጂነር ድሮም ይከበራሉ። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር አለ። ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ያኔ ጎበዝ የተባለ ሁሉ ወደ ኔቹራል ይገፋ ጀመር። ጎበዙ ተለቅሞ ከሄደ የቀረው ሰነፍ መባሉ የት ይቀራል? በቀጣዩ ዓመት ጎበዞቹ ስሙን ፈርተው ይሸሻሉ። የሶሻል ክፍል ውጤት ይወርዳል። ከዚያ መምህራን ክፍል ቁጭ ብለን «አላልኩም?» እንባባላለን። ወሬው እንዲህ ነው ራሱን እውነት የሚያደርገው።

ደግሞስ ከሒሳብ ማን ያመልጣል? የሶሻል ተማሪም ሒሳብ ይፈተናል። ኢኮኖሚክስ የገባ ካልኩለስና ስታቲስቲክስ እዚያው ይጠብቁታል። የሳተላይት ምስል አንብቦ፣ ጂአይኤስ በሚባለው የኮምፒውተር ዘዴ ካርታ ሠርቶ፣ ጎርፍ የትኛውን መንደር እንደሚያሰጋ መለየት የሰነፍ ሥራ ነው? ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም እኮ የጂኦግራፊ ሰው ነበሩ፤ የኢትዮጵያን ረሃብ ያጠኑትም በዚሁ ሙያቸው ነው።

አባትሽን ግን አትሟገቺው። «ሰው ምን ይለኛል» ያለው ለአፉ ነው፤ ሆዱን የሚበላው እንጀራሽ ይመስለኛል። እሱ ተገቢ ጥያቄ ነው። የጂኦግራፊ ተመራቂ ሥራ ፍለጋ ይንከራተታል፤ አልዋሽሽም። ኢንጂነሩም ዲግሪውን ይዞ ሲንከራተት እያየን ነው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ስለ ሥራው አውሩ። ማዘጋጃ ቤት በፕላን ሥራ ላይ ያለ ወይም ካርታ የሚሠራ ሰው ፈልጊና አባትሽን ይዘሽው ሂጂ። አባት ከልጁ ይልቅ የባለሙያ ወሬ ይሰማል።

አንድ ነገር ብቻ። ልብሽ ውስጥ ሕክምና ካለ አሁኑኑ ተናገሪ፤ በሶሻል በኩል ወደዚያ መግቢያ የለም። ፊዚክስን የሸሸሽው ጠልተሽው ሳይሆን ፈርተሽው ከሆነም ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት ጻፊልኝ።