ለኮምቦልቻዋ መምህርት፦ ትሪሎባይቱን አቼቶ አያስነኩት

መምህርት፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድምዎ ከሞሮኮዋ ኤርፉድ ያመጣልዎት ትሪሎባይት፣ ማለትም ድንጋይ ሆኖ የቀረው ባለ ቅርፊት የጥንት የባሕር እንስሳ፣ ጭንቅላቱና የጀርባው ግማሽ ብቻ ከግራጫ ድንጋይ ብቅ ብሎ ቀሪው ተቀብሯል። ለባዮሎጂ ተማሪዎችዎ ሙሉውን ማሳየት ይፈልጋሉ። አንዳንዶች አቼቶ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ሌሎች ጋራዥ ወስደው አሸዋ ያስረጩት፣ ሲያልቅ ደግሞ ቫርኒሽ ይቀቡት ብለው መክረውዎታል። እባክዎን አንዱንም አያድርጉ።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሰዓት የምጠግን ሰው ነኝ። ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው አጉሊ መነጽርና በእነዚያው መርፌዎች ትሪሎባይት አጸዳለሁ። ድንጋዮቹን የሚልኩልኝ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ ናቸው፤ ከአሜሪካዋ ዩታ የሚመጣው ኤልራቲያ የሚባል የትሪሎባይት ዓይነት አለ፣ የሞሮኮውም አለ። የዩታው ሼል በሚባል፣ በገጽ በገጽ በሚሰነጠቅ ድንጋይ ውስጥ ስለሚገኝ ብዙውን ጊዜ በመርፌ ብቻ ይጸዳል። የእርስዎ የኖራ ድንጋይ ነው። ጠንካራ ነው፣ ሳምንታት ይወስዳል፣ ግን በእጅ ይቻላል።

ከአቼቶው ልጀምር፤ ብዙ ጥሩ ድንጋይ የሚጠፋው በእርሱ ነውና። የትሪሎባይት ቅርፊት የተሠራው ካልሳይት ከሚባል ማዕድን ነው። በዙሪያው ያለው የኖራ ድንጋይም ካልሳይት ነው። አሲድ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም፤ ድንጋዩ ላይ የሚፈላው አረፋ ቅርፊቱም ላይ ይፈላል። ቀድሞ የሚበላው ደግሞ ስስ የሆነው ነገር ነው፦ በጭንቅላቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን እብጠቶች፣ የጀርባው መገጣጠሚያዎች፣ ከሁሉም በላይ ዓይኑ። የትሪሎባይት ዓይን ሌንሶች እንስሳው በሕይወት ሳለም ካልሳይት ነበሩ፤ በዚህ የተነሳ ነው እስከ ዛሬ ተጠብቀው የምናያቸው። እነርሱን አቼቶ ውስጥ መዝፈቅ ድንጋዩን ከገዙበት ምክንያት ዋናውን ማጥፋት ነው። ሎሚም ያው ነው፤ የባትሪ አሲድማ ለእጅዎም ለዓይንዎም አደጋ ነው። በኢንተርኔት ላይ አሲድ የሚጠቀሙ ባለሙያዎች አይተው ከሆነ፣ እነርሱ የሚሠሩት ቅርፊታቸው በሲሊካ፣ ማለትም አሸዋ በተሠራበት ማዕድን፣ በተተካ ቅሪተ አካላት ላይ ነው። ሲሊካን አሲዱ አይነካውም፣ የኖራ ድንጋዩ ግን ይሟሟል። የእርስዎ እንደዚያ አይደለም።

አሸዋውን በተመለከተ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። ማዕድናትን ከ1 እስከ 10 በሚያወጣው የሞስ የጥንካሬ መለኪያ ካልሳይት 3 ነው፤ አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ ስለሆነ 7 ነው። ጋራዥ ውስጥ ዝገት የሚያነሳው መርጫ በአንድ ቅጽበት ቅርፊቱን ከነድንጋዩ ያነሳዋል። ቅሪተ አካል የሚያጸዱ ባለሙያዎችም በአየር ግፊት ዱቄት ይረጫሉ፣ ነገር ግን ዱቄቱ ከካልሳይት ለስለስ የሚለው ቤኪንግ ሶዳ ወይም በጥቂቱ የሚበልጠው ዶሎማይት ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ፣ የመርጫው ቀዳዳ ከሚሊሜትር ያነሰ ሆኖ፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ በማይክሮስኮፕ እያዩ ነው የሚሠሩት። ቫርኒሽ ደግሞ ይቢጫል፣ ጥቃቅኑን ቅርጽ ይደፍናል፣ ሐሰተኛ አንጸባራቂነት ይሰጠዋል። የተራቆተ ቅርፊት በራሱ ያምራል።

አሁን ወደ ሥራው። መሣሪያ ከመያዝዎ በፊት አንድ ምሽት ለማየት ብቻ ይስጡት። ክፍሉን ጨለም አድርገው የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከድንጋዩ ጋር ሊተኛ በቀረበ ዘዌ ያብሩበት። ጥላው ከላይ ሲያዩት ያላስተዋሉትን ከፍታና ዝቅታ ሁሉ ያወጣዋል። ከዚያ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ውኃ ነክረው ያርጥቡት። የሞሮኮው ቅርፊት ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡና ዓይነት ስለሆነ ሲረጥብ ከግራጫው ድንጋይ ፍንትው ብሎ ይለያል። ቅርፊቱ ወደ ድንጋዩ የሚገባበትን ጠርዝ በሙሉ በእርሳስ ወረቀት ላይ ይሳሉት።

በዚያው ድንጋዩን አቋርጦ በትሪሎባይቱም ላይ የሚያልፍ የተጣበቀ ስንጥቅ መኖሩን ይመልከቱ። ካለ አይዘኑ፣ ይልቁንስ ደስ ይበልዎት። በሞሮኮ ቆፋሪዎች ድንጋዩን በመዶሻ ሰንጥቀው በስንጥቁ ላይ የቅርፊቱን ጥቁር መስመር ሲያዩ ነው እንስሳው መኖሩን የሚያውቁት፤ ከዚያ መልሰው ያጣብቁትና ከላይ ያጸዱታል። ስለዚህ ስንጥቁ በድንጋዩም በእንስሳውም ላይ ያለማቋረጥ ከቀጠለ የእውነተኛነት ጥሩ ምልክት ነው። በአንጻሩ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ክብ ክብ የአየር አረፋ ቀዳዳዎች ከታዩ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ሬዚን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ከሞሮኮ የሚወጣ እንደዚህ ያለ ሐሰተኛ ብዙ ስለሆነ ሳምንታት ከማፍሰስዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ የተቀበረው የት እንዳለ በሐሳብ ይሳሉት። በገለጻዎ መሠረት ትልልቅ ዓይኖችና እብጠቶች የሞሉት ግንባር ያለው ከሆነ ፋኮፕስ የሚባለው የትሪሎባይት ወገን ነው፤ ዕድሜው ከ359 እስከ 419 ሚሊዮን ዓመት በተዘረጋው የዴቮን ዘመን ውስጥ ይወድቃል። የዚህ ወገን ደረት 11 ክፍሎች አሉት፣ ከዚያ ጅራቱ ይከተላል። አካሉ በቁመቱ ሦስት ነው፦ መሐል ያለው ከፍ ያለ ጀርባና ግራና ቀኝ የሚወርዱ ሁለት ጎኖች። አሁን የሚታዩትን ክፍሎች ይቁጠሩ። ስድስት ከታዩ አምስትና ጅራቱ ይቀራሉ፤ የአንዱን ስፋት ስለሚያዩ ምን ያህል ድንጋይ እንደሚነሳ በግምት ያውቃሉ። ቀኙ ጎን ከተገለጠ ግራው ያንኑ እኩል ነው።

ለመሣሪያው ከኮምቦልቻ ገበያ መውጣት አያስፈልግዎትም። የስፌት መኪና መርፌ ይግዙ፤ ተራው የእጅ መርፌ ይለምጣል፣ ይኸኛው ግን ወፈር ያለ ነው። ብረታ ብረት ቤቶች ቆርቆሮ ላይ መስመር የሚያሰምሩበት የካርባይድ ጫፍ ያለው መጫሪያ ካገኙ ደግሞ ለኖራ ድንጋይ ከሁሉ ይሻላል። ጥርስ ሕክምና ቤት ያረጀ መመርመሪያ ቢጠይቁ የሚከለክልዎት አይመስለኝም። ወስፌ ለጥቃቅኑ ሥራ ወፍራም ነው፣ ከቅርፊቱ ርቆ ድንጋይ ለመፈልፈል ግን እጀታው ለእጅ ይመቻል። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ መሳያ ድንጋይ፣ ድንጋዩ እንዳይንሸራተት የሚያቅፍ በአሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት፣ ከሥር ነጭ ሳህን። መብራት ቢጠፋም ይህ ሁሉ በእጅ ባትሪ ይሠራል። ብረት ላይ ስም የሚጻፍበት የሚርገበገብ የኤሌክትሪክ ብዕር ያለው ወርቅ ሠሪ ከተባበርዎት ዳር ዳሩን ለማሳነስ ይረዳል፣ ነገር ግን ከቅርፊቱ 3 ሚሊሜትር ሳይደርስ መቆም አለበት።

መርፌውን እንዴት እንደሚይዙት ከምንም በላይ ስለሚወስን እዚህ ላይ ልቆይ። ቀጥ አድርገው ወደ ታች አይውጉ። የብረት ጫፍ ካልሳይትን ሲወጋ ነጭ ነጥብ ይተዋል፣ ያ ነጥብ በኋላ በምንም አይጠፋም። ሁለቱን ክርኖችዎን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉ። የቀኝ አውራ ጣትዎን በግራው አውራ ጣት ላይ ያስደግፉ፤ መርፌው ቢያመልጥ ግራው ልጓም ይሆነዋል፣ እኛ ሰዓት ጠጋኞች የምንሠራው እንደዚህ ነው። ጫፉን ቅርፊቱ ወደ ድንጋዩ ከሚገባበት ጠርዝ አንድ ሚሊሜትር ያህል አርቀው ድንጋዩ ላይ ያኑሩ፣ አጋድመው ይጫኑ፣ ኃይሉ ከእንስሳው ወደ ውጭ እንዲሄድ አድርገው ይግፉ። መጀመሪያ የሚረግፈው ዱቄት ነው። ከዚያ ድንገት የሩዝ ፍሬ የማታክል ስባሪ እመር ብላ ትነሳና ከሥሯ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ከ350 ሚሊዮን ዓመት በላይ ብርሃን ያላየ ቅርፊት ይገለጣል። ድንጋዩና ቅርፊቱ የሚላቀቁበት ገጽ አለ፤ የእርስዎ ሥራ ስባሪዋ በዚያ ገጽ እንድትነሳ ዙሪያዋን ማዳከም ብቻ ነው።

እጅዎ ከዓይንዎ ቀድሞ ያውቃል። መርፌው የኖራ ድንጋይ ላይ ሲሄድ ይከረክራል፤ ቅርፊት ላይ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋና ይንሸራተታል። በተንሸራተተበት ቅጽበት እጅዎን ያንሱ። ደጋግመው በውኃ ያርጥቡና ይመልከቱ፣ ሲደርቅ ይቀጥሉ። ጫፉ ሲደንዝ ኃይል መጨመር ይመጣል፣ ኃይል ሲጨመር መሰበር ይከተላል፤ ስለዚህ መሳያ ድንጋዩ ከእጅዎ አይራቅ። በአንድ ምሽት ከአንድ ክፍል በላይ አይመኙ። አንድ ክፍል በንጹሕ ከተገለጠ ያ ምሽት የተሳካ ነው።

ዓይኑን ለመጨረሻ ያቆዩት። የፋኮፕስ ሌንሶች ክብ ክብ ሆነው በረድፍ ተደርድረዋል፣ በመካከላቸው የሚለያያቸው ግድግዳ አለ፣ ያለ መነጽር እንኳ ይታያሉ። በሌንሶቹ መሐል ሸረሪት ድር የመሰለ ቀሪ ድንጋይ ካለ ይተዉት። ተማሪ በአጉሊ መነጽር ሌንሶቹን መቁጠር ከቻለ በቂ ነው፤ እያንዳንዱን ጉድጓድ አጸዳለሁ ሲባል ረድፉ በሙሉ ይነሳል።

ቅርፊት ከተነሳ ከነጭ ሳህኑ ላይ ስባሪዋን በረጠበ ብሩሽ ጫፍ ያንሷት፣ ቦታዋ ላይ ገጥመው ይሞክሯት፣ ከደረቀች በኋላ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ሱፐር ግሉ አስነክተው ይመልሷት። በቱቦው በቀጥታ አያፍስሱ። ከውጭ ማስመጣት ከቻሉ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ በአሴቶን ሟሙቶ የተሻለ ነው፤ ስሕተት ቢፈጠር በአሴቶን መልሶ ይለቃል፣ አይቢጭም።

አቧራውን በቀላሉ አይዩት። ደቃቅ የድንጋይ ብናኝ፣ በተለይ ሲሊካ ያለበት፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ መድኃኒት የለውም። ኤን-95 የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፣ ብናኙን በአፍዎ እፍ አይበሉት፣ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት። ክፍል ውስጥ ልጆች ፊት አይፈልፍሉ፤ ለእነርሱ ያለቀውን ያሳዩ። እኛ ደሴ ላይ ብርዱ መስኮት ስለሚያዘጋን ይበልጥ እንጠነቀቃለን፣ እናንተ ቆላ ቢጤ ስለሆናችሁ በረንዳ ላይ መሥራት ትችላላችሁ።

መቼ ይቁም ላሉት፦ ሆዱን ለማሳየት አይሞክሩ። እግሮቹ ስስ ስለነበሩ በአብዛኛው ድንጋይ ውስጥ አይቀሩም፣ ከሥር የሚጠብቅዎት ባዶ ድንጋይ ነው። ያ ድንጋይ መቀመጫው ሆኖ ይቆይ። በጎኖቹ ዙሪያ ጠባብ ቦይ ከፈለፈሉ እንስሳው ተነስቶ ይታያል።

ተማሪዎችዎ «እኛስ ጦሳ ተራራ ላይ አናገኝም?» ማለታቸው አይቀርም። አያገኙም፣ ምክንያቱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ትሪሎባይቶች ከ521 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ታይተው ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጨርሰው ጠፉ። የደሴ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር የፈሰሰ ባዛልት የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። ወደ ዓባይ ሸለቆ ቢወርዱ የባሕር የኖራ ድንጋይ አለ፣ የባሕር ዛጎልም አለበት፤ ይሁን እንጂ እርሱ የጁራሲክ ዘመን ስለሆነ ትሪሎባይቶች ካለቁ በኋላ የመጣ ነው። ያንንም ቢሆን ልጆቹ አይተው፣ ፎቶግራፍ አንስተው ይለፉ እንጂ አይቆፍሩ። ቅሪተ አካል ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፣ የተገኘ ነገርም ለሚመለከተው አካል ይነገራል።

ወንድምዎ ድንጋዩን የት እንደገዛው፣ ሻጩ ከየትኛው መንደር ወጣ እንዳለው፣ መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ በወረቀት ጽፈው ከድንጋዩ ጋር ያስቀምጡ። ቦታው ያልታወቀ ትሪሎባይት ለትምህርት ዋጋው በእጅጉ ይቀንሳል።

አሁን ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ፎቶግራፍ ነው። ድንጋዩን በጎኑ አቁመው፣ ባትሪውን ከግራ አብርተው ያንሱትና እዚሁ ይለጥፉት። እነዚህ እንስሳት አደጋ ሲመጣ ተጠቅልለው ጅራታቸውን ከጭንቅላታቸው ሥር ያስገቡ ነበር። የጀርባው መስመር ወደ ታች የሚታጠፍ ከሆነ ጅራቱ ከኋላ ሳይሆን ከሥር ነው ያለው፣ መርፌውም የሚጀምረው ከሌላ ወገን ይሆናል። ፎቶግራፉን ሳላይ ከኋላ በኩል እንዳይነኩት።