የአንባቢያን ጥያቄ፦ ትንሿን ሞላ ከየት ላግኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ባቱ ነው። ለአባቴ የሽንኩርት ማሳ የአፈር እርጥበት ለክቶ በዋይፋይ የሚልክ መሣሪያ ሠርቻለሁ። የሚሠራው ኢኤስፒ 32 በሚባል ዋይፋይ ባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ነው። ኃይል የሚያገኘው ከ3 ተራ የባትሪ ድንጋዮች ነው። የባትሪ ቤቱን ከፕላስቲክ ቱቦ ቆርጬ ራሴ ሠራሁት። ሞላ ስላጣሁ 3 የእስክርቢቶ ሞላዎች ከተትኩበት። መሣሪያው በደንብ ይነሳል፤ መረጃ ሊልክ ሲል ግን ጠፍቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ድንጋዮቹ አዲስ ናቸው። ሱቅ ስጠይቅ «ሞላ ለብቻው የለንም» ይሉኛል። ትክክለኛውን ሞላ ከየት ላግኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራሽን ወድጄዋለሁ። ኮድሽን አትንኪው። ጥርጣሬዬ ሞላዎቹ ላይ ነው።

ሞላ በኤሌክትሮኒክስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንዳንዱ መግፋት ወይም መሳብ ብቻ ነው ሥራው። ሌላው ግን እየገፋ ኤሌክትሪክም ያሳልፋል። የእስክርቢቶ ሞላ የተሠራው ለመግፋት ብቻ ነው። ሽቦው 0.35 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀጭን ነው፤ ተፈትቶ ቢዘረጋ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከማይዝግ ብረት ነው የሚሠራው። ማይዝግ ብረት ኤሌክትሪክን ከመዳብ 40 እጥፍ ያህል ይቃወማል። ይህን ሁሉ ስታሰይው የአንዱ ሞላ ተቃውሞ ብቻ ወደ 1 ኦም ይመጣል፤ ኦም የተቃውሞ መለኪያ ነው።

አንቺ ጋ 3ቱ በተከታታይ ቆመዋል፤ 3 ኦም ሆነ ማለት ነው። ኢኤስፒ 32 በዋይፋይ ሲልክ ለቅጽበት 0.4 አምፔር ሊስብ ይችላል። በዚያች ቅጽበት 1.2 ቮልት ሞላዎቹ ላይ ይቀራል። ከ4.5 ቮልት ሰሌዳው ጋ የሚደርሰው 3.3 ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ላይ ያለው ቮልቴጅ ማስተካከያ ደግሞ 3.3 ለማውጣት ከዚያ በላይ 1 ቮልት ገደማ ትርፍ ይፈልጋል። መሣሪያሽ ሊልክ ሲል የሚጠፋው ለዚህ ነው።

እኔን ከማመንሽ በፊት ለኪው። ሰሌዳውን ንቀይና በምትኩ 10 ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር አገናኚ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጊና ሁለቱን ጫፎች ከአንዱ ሞላ ላይና ታች አስነኪ። 0.3 ቮልት አካባቢ ካየሽ ጥፋተኛው እሱ ነው። በኦም ለመለካት አትድከሚ፤ የቴስተሩ ገመድ ራሱ ኦም ስላለው ትንሹን ቁጥር ያበላሽብሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሱቅ ገብተሽ «ሞላ» አትበይ፤ «የባትሪ ቤት» ወይም «ባትሪ ሆልደር» በይ። ባለሱቁ ሞላን እንደ ዕቃ አያውቀውም፤ የባትሪ ቤት ግን መደርደሪያው ላይ ሊኖር ይችላል። ካጣሽ ወደ ቲቪና ሪሲቨር ጠጋኞች ሂጂና የሞተ ሪሞት ጠይቂ። የሪሞት ሞላ ኒኬል የተቀባ ነው፤ ሽቦው ወፈር፣ ጥቅሉ አጠር ያለ ነው፤ ሊድም (የመበየጃ ብረት) በቀላሉ ይይዛል። የእጅ ባትሪ፣ የግድግዳ ሰዓትና የልጆች መጫወቻ ውስጥም ይገኛል። ልኩን ግን እዪ፦ የተለመደው ድንጋይ ስፋቱ 14.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቀጭኑ ደግሞ 10.5። ብዙ ሪሞት የሚወስደው ቀጭኑን ነው። ድንጋይ ፈስሶበት ነጭና አረንጓዴ ያበቀለ ሞላ ካጋጠመሽ በኮምጣጤ ጥረጊው። ቅቡ ተበልቶ ዝገት ከታየ ግን ተዪው፤ አይታመንም።

እስከዚያው የያዝሽውን ሞላ ማዳን ትችያለሽ። ከመዳብ ወይም ከነሐስ ቆርቆሮ ትንሽ ክብ ቁረጪ። ከአሮጌ ቻርጀር ገመድ የወጣ ለስላሳ የመዳብ ሽቦ እሱ ላይ በይጂና በሞላው መሐል አሳልፈሽ አውጪው። ክቡ ድንጋዩን ይነካል፤ ሞላው ከታች ይገፋል፤ ኤሌክትሪኩ በመዳቡ ያልፋል። ሽቦውን ሞላው ላይ ለመበየድ አትታገዪ፤ ማይዝግ ብረት በተራ ፔስት (የመበየጃ ቅባት) ሊድ አይቀበልም። የሚያስይዘው አሲድ ያለበት ፔስት ነው፤ እሱ ደግሞ በደንብ ካልታጠበ ሰሌዳሽን ይበላዋል።

ለመግፋትና ለመሳብ ብቻ ለሚሆን ሞላ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈታው አሮጌ ፕሪንተር ነው። ወረቀት የሚጎትቱት ጎማዎች ሥር የሚታመቅም የሚሳብም በየዓይነቱ ታገኛለሽ፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ገና አልጨረሱም። የሲዲ ማጫወቻም ጥሩ ነው። የሲጋራ ላይተር ውስጥ እሳት የሚጭረውን ድንጋይ የሚገፋው ረጅም ቀጭን ሞላ ለጠባብ ቦታ ይሆናል፤ ጋዙ ፈጽሞ ካለቀ በኋላ፣ ከእሳት ርቀሽ ፍቺው። አዲስ አበባ ከመጣሽ መርካቶ ምናለሽ ተራን ሳታዪ አትመለሺ። ያገኘሻቸውን ሞላዎች በካሊፐር (ትንሽ ውፍረት በሚለካው መሣሪያ) ለክተሽ በየላስቲኩ ክተቻቸውና ላዩ ላይ ጻፊበት፦ የሽቦ ውፍረት፣ የውጭ ስፋት፣ ሳይነካ ያለው ርዝመት፣ የጥቅል ብዛት። ያልተለካ ሞላ የሞላበት ቆርቆሮ ምንም አይጠቅምሽም።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ቴፕና ሬዲዮ እጠግናለሁ። ካሴቱን የምትጫነውን ጎማ የምትስበው ትንሽ ሞላ ከአንድ ደንበኛዬ ቴፕ ላይ ተበጥሳለች። ሁለት ጫፏ መንጠቆ አለው። መለዋወጫ የለም። ራሴ ልጠቅላት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ ወንድሜ፤ ሽቦውን ካወቅህበት። የግንበኛ ማሰሪያ ሽቦ ፈጽሞ አይሆንም። ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ብታግለውም፣ ውሃ ውስጥ ብትነክረውም ሞላ አይሆንልህም። የሚሆንህ የጊታር ክር ነው። ያልተጠቀለሉት ቀጫጭን ክሮች ጥሩ የሞላ ብረት ናቸው። በፓኬቱ ላይ 010 የሚለው 0.25 ሚሊ ሜትር፣ 013 የሚለው 0.33፣ 017 የሚለው 0.43 ነው። የብስክሌት ፍሬን ገመድ ሲበተንም 0.3 ገደማ የሆኑ ሽቦዎች ይወጡታል፤ ቀጥ ማድረጉ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

የተበጠሰችውን አትጣላት። የሽቦዋን ውፍረት በጥንቃቄ ለካ፤ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር በአራተኛ ደረጃ ያድጋል። በ0.33 ፋንታ 0.43 ብታደርግ ሞላዋ 3 እጥፍ ያህል ትጠነክራለች፤ ጎማዋ ካሴቱን ታጨማድዳለች፣ ሞተሩም ይከብደዋል። ከላላች ደግሞ ዘፈኑ ይዋዥቃል። ከሌላ ዕቃ ያገኘኸውን ረጅም ሞላ ቆርጠህ ብታስገባም ያው ነው፤ ጥቅሉን በግማሽ ብትቀንስ ጥንካሬው በእጥፍ ይጨምራል።

መጠቅለያህ የትራፓኖ ጥርስ እጀታ ይሁን፤ ከምትፈልገው የውስጥ ስፋት ትንሽ ይቅጠን። ሽቦው ስትለቀው ይሰፋል። ስንት እንደሚሰፋ በትርፍ ሽቦ ሞክረህ እወቅ። ሁልጊዜ ወጥረህ፣ ጥቅሉን ጎን ለጎን አጠጋግተህ ዙር። መንጠቆውን በፒንሳ ቀስ ብለህ እጠፍ፤ ሹል ማዕዘን ካወጣህ እዚያው ጋ ይሰበራል። ሲያልቅ 230 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆየው፤ ቅርጹን ይይዛል። እሳት ላይ ግን አታግለው፤ ከቀላ ጉልበቱ ይሞታል። መነጽር ሳታደርግ ደግሞ አትጀምር። የተወጠረ ሽቦ አምልጦ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ይህን ስል ከልቤ ነው።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው የምሠራው። ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ታናሽ ወንድሜ «ትናንሽ ሞላ አምጪልኝ» አለኝ። ምን ዓይነት ልግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ ልኩን በስልክ ይላክልሽ፤ ሞላ በዓይን ግምት አይገዛም። ባትሪ ለመያዝ ከሆነ ኒኬል የተቀባ የባትሪ ሞላ ከነሳህኑ ግዢለት፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ በጥንድ ይሸጣል። ብዙ መጠን ያለው የማይዝግ ሞላ ሳጥን ለመግፋት ብቻ መሆኑን ንገሪው። ሰሌዳ የሚፈትሽ ከሆነ ፒ75 የሚባለው ፖጎ ፒን ያስደስተዋል፤ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር፣ ሞላው ውስጡ ያለ መርፌ ነው። ሊቲየም ባትሪ ጨምሪ ካለሽ ደግሞ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ አትክተቺው፤ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነሽ በእጅሽ ያዢው።