ኢትዮጵያዊው ድራባ እና ሌሎች፦ ስለ 1950ዎቹና 60ዎቹ የጀብዱ ፊልሞች ለጠየቃችሁኝ

የደረሱኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ንግሥተ ሳባን ጣሊያናዊት የተጫወተቻት ለምንድን ነው?

መልስ፦ በ1959 በወጣው «ሰለሞንና ሳባ» ማለትሽ ነው። ሳባ ጂና ሎሎብሪጂዳ፣ ሰለሞን ደግሞ ዩል ብራይነር ናቸው፤ የተቀረጸው ስፔን ነው። አንደኛው ምክንያት ገበያ ነው፤ ፊልሙን የሚሸጠው የኮከቡ ስም ነበር። ሁለተኛው ይብሳል። ሆሊውድ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ያስከበረው ደንብ ነጭና ጥቁር ሲፋቀሩ ማሳየትን ይከለክል ነበር። ክልከላው በ1956 ቢነሣም ልማዱ አብሮት አልተነሣም። እኛ ማክዳ የምንላት ንግሥት ለእነሱ ጥቁር ልትሆን አትችልም ነበር።

ጥያቄ፦ በስም «ኢትዮጵያዊ» ተብሎ የቀረበ ሰው አለ?

መልስ፦ አለ፤ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ዉዲ ስትሮድ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሁለት ጊዜ ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ1956ቱ «አሥርቱ ትእዛዛት» የኢትዮጵያ ንጉሥ ሆኖ ከእህቱ ጋር ፈርዖን ፊት ይቀርባል፤ ሙሴም እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ወዳጅ ያስተዋውቃቸዋል። በዚያው ፊልም የልዕልቲቱን ወንበር በትከሻቸው ከሚሸከሙት አንዱም እሱ ራሱ ነው። ንጉሥም ተሸካሚም፣ በአንድ ፊልም! ይህን ባወቅኩ ቀን በጣም አዘንኩ።

ሁለተኛው ስለ ሮማ ባሪያዎች ዓመፅ የሚተርከው፣ በ1960 የወጣው «ስፓርታከስ» ነው። እዚያ ድራባ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተፋላሚ ነው። ስፓርታከስ ስሙን ሲጠይቀው አይነግረውም፤ ነገ እንጋደል ይሆናል፣ ወዳጅነት ምን ያደርግልናል ነው ነገሩ። እንደፈራውም አንድ ቀን ሮማውያን እንግዶችን ለማዝናናት ሁለቱን ያጋጥሟቸዋል። ድራባ በመረቡና ባለ ሦስት ጣት ጦሩ ያሸንፋል፤ ጦሩን ስፓርታከስ ጉሮሮ ላይ ደግኗል። ከላይ «ግደለው» ይሉታል። ዝም ብሎ ያየውና ዞር ብሎ ጦሩን ወደ ተመልካቾቹ ይወረውራል፤ ግድግዳውን ቧጥጦ ይወጣል፣ እዚያው ይገደላል። የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ግን ይወስናል። የፊልሙ ዓመፅ የሚጀምረው ከእሱ እምቢታ ነው። ስትሮድም ጎልደን ግሎብ ለተባለው የፊልም ሽልማት ታጭቶበታል።

ጥያቄ፦ ስትሮድ ከዚያ በፊት ምን ይሠራ ነበር?

መልስ፦ ስፖርተኛ ነበር። የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወትበት ብሔራዊ ሊግ (NFL) ከአሥር ዓመት በላይ ጥቁር ተጫዋች ካላስገባ በኋላ፣ በ1946 ሎስ አንጀለስ ራምስ ለተባለው ቡድን ፈርመው ያንን አጥር ከሰበሩት ሁለቱ አንዱ እሱ ነው፤ ሌላው ኬኒ ዋሽንግተን።

ጥያቄ፦ ጆን ዌይን ጄንጊስ ካንን ተጫውቷል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ነጩ አሜሪካዊ ተዋናይ በ1956 የሞንጎሎቹን ንጉሥ ሆኗል። በ1966 ደግሞ እንግሊዛዊው ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪየ ፊቱን አጥቁሮ የሱዳኑን ማህዲ ሆኗል።

ጥያቄ፦ አፍሪካዊ ራሱን የተጫወተበትስ?

መልስ፦ እንግሊዞችና ዙሉዎች የተዋጉበትን ታሪክ የሚያሳየውን «ዙሉ»ን ተመልከት፣ 1964። የዙሉዎቹን ንጉሥ ሴችዋዮን የተጫወተው የገዛ ዘሩ ማንጎሱቱ ቡቴሌዚ ነው። ታሪኩን የሚተርኩት ግን አሁንም እንግሊዞቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኛ ልጆች ሳለን ታርዛንን እንወድ ነበር። ጥፋት ነው?

መልስ፦ በፍጹም፣ ወንድሜ። የፊልም ሠሪው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማም ጎንደር ሲያድጉ ታርዛንን ያዩ ነበር። አፍሪካውያኑ ከኋላው ሲመጡበት ልጆቹ ሁሉ «መጡብህ!» እያሉ ለታርዛን ይጮኹለት እንደነበር ተናግረዋል። ካሜራው የሚቆመው ከታርዛን ጋር ነዋ፤ ልጅ ደግሞ ካሜራው ያለበት ይቆማል። እኒያ ልጅ አድገው በ1993 «ሳንኮፋ»ን አወጡ፤ እዚያ ካሜራው ከባሪያዎቹ ጋር ነው። ካላየኸው ፈልገህ እየው።