«ይበቃኛል» ማለት ስንፍና ነውን?

ወንድሜ፣ ደመወዝህ ከጨመረ በኋላ ጭንቀትህ እንደባሰ ጽፈህ፣ «ክርስቲያን ሀብት ቢፈልግ ኃጢአት ነው ወይ? ይበቃኛል ማለትስ ስንፍና አይሆንም?» ብለህ ጠይቀሃል።

ሐዋርያው ጳውሎስ «የክፋት ሁሉ ሥር» ያለው ገንዘብን መውደድን እንጂ ገንዘብን አይደለም (1ኛ ጢሞ. 6፥10)። ጥቅሱን ቆርጠው የሚያስፈራሩህን አትስማ።

ስንፍና ያልከው ግን ገርሞኛል። «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ሰው ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ የኖረ ነው፤ ያን ጊዜም እስረኛ ነበር። ደግሞም «ተምሬአለሁ» ነው ያለው። አብሮት የተወለደ ጠባይ አልነበረም፤ ማግኘትንም ማጣትንም እያየ የለመደው ነው። ስለዚህ ዛሬ ልብህ አልረጋ ቢል እምነት የለኝም ብለህ ተስፋ አትቁረጥ።

እናቴ ጤፍ በተገዛ ቁጥር፣ ገና ወደ ወፍጮ ሳይሄድ፣ አንድ ጣሳ ሰፍራ ለጎረቤታችን ለአንዲት አሮጊት ታስቀምጥ ነበር። በደኅናው ጊዜ ጣሳው ሞልቶ ይፈስሳል፤ በክፉው ጊዜ ይጎድላል፤ ሳይሰፈር የቀረበትን ቀን ግን አላስታውስም። እኔም ደመወዜን ስቀበል አስቀድሜ የሌላውን ድርሻ መለየት የጀመርኩት ከእርሷ አይቼ ነው። ጭንቀቴን ያቀለለልኝ ከቁጠባው ይልቅ ይህ ነው።

ዘኬዎስ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ ሲል ጌታ ቀሪውን አልጠየቀውም (ሉቃ. 19፥8)። አንተም ኪራይህን ክፈል፣ ለልጆችህ ቆጥብ፤ ከዚህ ወር ጀምረህ ግን ትንሽም ብትሆን ለይ። የምትሰጠው ሰው ቢቻል ደጁን የምታውቀው፣ ስትሄድም ቁጭ ብለህ የምታጫውተው ይሁን።