ቀስት ወይስ ቁጥር? ከሰሜን ሸዋ አሽከርካሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዳሽቦርድ ናቸው። አሮጌ መኪና ያለው በጌጁ (በመለኪያው) ላይ የሚዞረውን ቀስት ነቅሎ በስክሪን ለመተካት ይቸኩላል፤ አዲስ የገዛው ደግሞ ስክሪን ፊት ተቀምጦ የድሮውን ቀስት ይናፍቃል። የእኛ መንገድ ይህን ክርክር ያጋግለዋል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ነች፤ ጣርማ በር 3,000ን ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ወደ 1,300 ገደማ ወርደዋል። በዚህ መውጫና መውረጃ ላይ ሞተሩም ፍሬኑም ባትሪውም ይፈተናል፤ የሚዋሽ ጌጅም ይጋለጣል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ኮሮላ ነው የምነዳው። የሙቀት ቀስቱ መሐል ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም። ልጄ ከመሪው ሥር የሚሰካና በስልክ የሚነበብ መሣሪያ ገዝቶልኝ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ጣርማ በር ስወጣ 92፣ 95፣ 98 እያለ ያስደነግጠኛል። ማንን ልመን? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ሁለቱም አልዋሹዎትም፤ ቀስቱ ግን የሚያውቀውን ሁሉ አይናገርም። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ላይ አምራቹ ሆን ብሎ ቀስቱን ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ መሐል ላይ እንዲቆም ያደርገዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀስቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ባለ መኪናው ጋራዥ ይሮጣል። ስለዚህ ያ ቀስት ከመሐል ሲነሣ ካዩት ነገሩ ከተጀመረ ቆይቷል ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ስልኩ ላይ የሚያዩት ቁጥር ይሻላል።

98 ደግሞ በራሱ አያስደነግጥም። የብዙ መኪኖች ማራገቢያ የሚነሣው እዚያው አካባቢ ነው። በእኛ ከፍታ ሊያሳስብዎት የሚገባው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ጣርማ በር ላይ ከዚያም ያንሳል። ራዲያተር ውስጥ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑን አናት ይመልከቱ፤ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታትሞበታል። ያን ግፊት በትክክል ከያዘ ውኃው በዚህ ከፍታም ቢሆን እስከ 110 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ከክዳኑ ሥር ያለው ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ያ 98 የፈላ ውኃ ነው። ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ ይክፈቱና ጎማውን በጣትዎ ይዳስሱት። በሞቀ ሞተር ላይ ግን እንዳይነኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳገት ላይ ቁጥሩ በድንገት ዝቅ ካለ ደስ አይበልዎት። ውኃው ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀራል፤ አየር ደግሞ ሙቀቱን እንደ ውኃ አያደርስለትም። ሞተሩ እየተቃጠለ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ቀስትም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚያደርገው። መኪናውን ዳር ይዘው ያቁሙ።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ማሳያዬ ስምንት መስመር ያለው ዲጂታል ነው። ሞላሌ ላይ ሁለት መስመር ይለኛል፤ ዳገት ስጀምር አንድ ይሆናል፤ ሜዳው ላይ ተመልሶ ሁለት ይሆናል። ወደ ቀስት ላስቀይረው? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ገንዘብዎን አያባክኑ። ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ያው ነው፤ ቀስትም መስመርም የሚሰሙት ከእሱ ነው። መኪናው ሲያዘነብል ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ተንሳፋፊውም አብሮት። ቀስት ቢሆን ኖሮ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ይህን ሁሉ ግርግር አያዩትም ነበር። መስመሩ ግን ወይ አለ ወይ የለም። ሒሳቡን ይዩት፤ ታንክዎ 48 ሊትር ቢይዝ አንዱ መስመር 6 ሊትር ነው፤ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ከሄዱ 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። መስመሩ አሁን የበራ ይሁን ሊጠፋ አንድ ኩባያ የቀረው ይሁን አይነግርዎትም። በመንዝ መንገድ ላይ ሁለት መስመር ሲቀር መቅዳት ነው እንጂ ማሳያ መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በቀዱ ቁጥር ዜሮ ማድረግ ደግሞ ከሁለቱም ማሳያዎች የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ ዳሽቦርዱ 90 ሲል ስልኬ 84 ይላል። የተበላሸው የትኛው ነው? (ከሸኖ)

መልስ፦ ምንም አልተበላሸም። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 የፍጥነት ማሳያ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ከእውነተኛው ፍጥነት 10 በመቶ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር ድረስ አስበልጦ ቢያሳይ ግን ይፈቅዳል። አምራቾች ለጥንቃቄ ከፍ አድርገው ያስተካክሉታል። ከፋብሪካው መጠን የሚበልጥ ጎማ ካስገጠሙ ልዩነቱ ይጠባል፤ ከጠፋ ወይም ስልኩ ከበለጠ ጎማውን ይመርምሩ። የስልኩ ንባብ የሚመጣው ከሳተላይት ስለሆነ የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ይጠፋብዎታል።

ጥያቄ፦ ከውጭ ተመልሼ ደብረ ብርሃን ገብቻለሁ። አሮጌ ኮስተር ገዝቼ አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ጋን ያለው መኖሪያ መኪና እያሠራሁት ነው፤ ጭላዳ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ወደ መንዝ ጓሳ ላመላልስበት። ሠራተኛው የድሮውን ዳሽቦርድ ከነቀስቱ አውጥቶ ሁሉን ነገር፣ ሞተሩንም ቤቱንም፣ በአንድ ትልቅ ስክሪን ሊያሳየኝ ይፈልጋል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሠራተኛውን ያስቁሙት። እርስዎ ያሉዎት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሚሄድ መኪናና የቆመ ቤት። ሁለቱ የሚፈልጉት ማሳያ ለየቅል ነው።

ከመኪናው ልጀምር። ጠመዝማዛ ላይ ዓይንዎ ከመንገዱ የሚነሣው ለቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት ቀስት የቆመበትን ቦታና የሚሄድበትን አቅጣጫ ሳያነቡት ያሳያል፤ ቁጥር ግን መነበብ አለበት፣ ከዚያም ከቀደመው ቁጥር ጋር መነጻጸር አለበት። የሞተር ዙር፣ የዘይት ግፊት፣ ሙቀት፣ እነዚህ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ናቸውና ቀስቱ ይቆይላቸው። የአሮጌው ኮስተር ቀስቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሽቦ አላቸው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይኖራል። ስክሪኑ ከጠፋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ ይህ ደግሞ ከከተማ ርቀው፣ በምሽት፣ ከእንግዶች ጋር ሳሉ ሊሆን ይችላል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ትልቅ ስክሪን ፊትዎ ላይ እያበራ የውጭውን ጨለማ ይብስብዎታል፤ የስክሪኑ መብራት እስከ መጨረሻው የማይቀንስ ከሆነ በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት።

አሁን ያሉት ቀስቶች ከተሳሳቱ ከመጣልዎ በፊት የማሳውን ሽቦ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሠረውን) ያስፈትሹ። ሁሉም ቀስቶች አብረው ከፍ ወይም ዝቅ ካሉ፣ መብራት ሲያበሩም አብረው ከዘለሉ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው ከዳሽቦርዱ ጀርባ የዛገ ማሳ ነው። ሽቦውን ፈቶ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መመለስ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ወደ ቤቱ ስንገባ ግን ፍርዴ ይገለበጣል። ቤቱ ውስጥ ቁጥር ይንገሥ። የአልጋዎትን መብራትና ማቀዝቀዣውን የሚያንቀሳቅሰው ባለ 12 ቮልት የሊድ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል። ልዩነቱ ግማሽ ቮልት ብቻ ነው። ከ8 እስከ 16 በሚል ቀስት ላይ ይህ ልዩነት ከራሱ ከቀስቱ ውፍረት ብዙም አይበልጥም፤ እንግዶችዎ በጨለማ ያድራሉ። ሊቲየም ባትሪ ከገዙ ደግሞ ቮልቱም ብቻውን አይበቃም፤ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከ13 ቮልት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ከዚያ በድንገት ይወድቃል። የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መሣሪያ ያስፈልግዎታል፤ ሠራተኛው «ሻንት» ሲል የሚያወራው ስለ እሱ ነው። በዚህ ላይ አይሟገቱት።

ለውኃው ጋን በየደረጃው መብራት የሚያበሩ ብሎኖችን ጋኑ ግድግዳ ላይ ሊተክልልዎት ይችላል። ንጹሑ ጋን ላይ ይሠራሉ። የእጣቢው ጋን ላይ ግን ቅባትና ሳሙና ተጋግሮባቸው ባዶውን ሙሉ ይላሉ። ከተቻለ ጎኑ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ያስገጥሙ፤ ውኃው ራሱ ይታያል።

ስለ ጋዝ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲሊንደሩ ላይ የሚታሠር የግፊት ጌጅ፣ ቀስትም ይሁን ቁጥር፣ ምን ያህል ጋዝ እንደቀረዎት አይነግርዎትም። ውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ቅዝቃዜው ነው። ሙሉው ሲሊንደር ጓሳ ላይ ሌሊት ባዶ ይመስላል፤ ሊያልቅ የተቃረበው ሸዋ ሮቢት ላይ ሙሉ ይመስላል። ጌጁ ፍንጣቂ መኖሩን ለመፈተሽ ይጠቅማል፤ መጠኑን ለማወቅ ግን ሲሊንደሩን መዝኑ፣ ባዶ ክብደቱ አንገቱ ላይ ተቀርጿል። ጋዙ ቡቴን ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች በደንብ አይተንም፤ በጓሳ ውርጭ ቡና ለማፍላት ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ይፈልጉ።

በመጨረሻም፣ ኮስተር እንደ ሞዴሉ 12 ወይም 24 ቮልት ሊሆን ይችላል። ማንኛውንም ማሳያ ከመግዛትዎ በፊት የእርስዎን ይለዩ። የሁለቱ አንድ ላይ መምጣት ስንት ዕቃ እንዳቃጠለ ጋራዦቻችን ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ፣ መንጃ ፈቃድ ልወስድ ነው። በቀስት መኪና ልማር ወይስ በስክሪን? (ከአለም ከተማ)

መልስ፦ ባገኘኸው ተማር፣ ልጄ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ከበራ ቁም፤ ቢጫ ከበራ ጉዞህን ጨርሰህ ሳትዘገይ ለመካኒክ አሳይ። ይህ በሁሉም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ 160 ኪሎ ሜትር ቀርቶኛል አለኝ። ደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም ብዬ ተነሣሁ፤ ጣርማ በር ስደርስ ሊያልቅ ነበር። ተታልያለሁ?

መልስ፦ በከፊል። ያ 160 የተለካ ነገር አይደለም፤ እስከዚያ በነዱት አነዳድ ላይ የተመሠረተ ግምት ነው። ብዙዎቹ መኪኖች ከፊትዎ ዳገት መኖሩን አያውቁም። እኔ ላስላልዎት። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,800 ሜትር ለመውጣት ብቻ፣ ጎማውና ነፋሱ ሳይቆጠር፣ ከ7 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። መኪናዎ ሜዳ ላይ በመቶ ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚበላ ከሆነ፣ ዳገቱ ብቻውን የ50 ኪሎ ሜትር ያህል በላብዎት ማለት ነው። ሲሄዱ የነበረው ቆላው ሜዳ ላይ ስለሆነ ግምቱ ያንን አላሰበም።

እንግዲህ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የባትሪውን መቶኛ ይዩ፤ መቶኛውም ግምት ነው፣ ግን ስለ መንገዱ አይገምትም። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው እየሰማሁ ነው። ስትወርዱስ? ኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ በሞተሩ ራሱን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው ጣርማ በር ላይ ሙሉ ወይም ለመሙላት የተቃረበ ከሆነ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ መኪናው በራሱ መያዙን ይቀንስና ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬን ሸራው ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ቆላ ከመውረድዎ በፊት 100 በመቶ አይሙሉት።

ጥያቄ፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ጠዋት ዲጂታል ዳሽቦርዴ ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይበራል። ብርዱ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ፈሳሽ ክሪስታል ማሳያ በእውነት የሚያዘግመው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የእኛ ውርጭ እዚያ አይደርስም። ባትሪዎን ያስለኩ፤ ሞተር ሲነሣ ቮልቱ በጣም ከወደቀ ዳሽቦርዱ ራሱን ያጠፋል። ባትሪው ደህና ከሆነ ከዳሽቦርዱ ጀርባ የተሰነጠቀ ብየዳ ሊኖር ይችላል፤ ሙቀት ሲያገኝ ይጋጠምና ይበራል።

ጥያቄ፦ ከባድ መኪና ነው የምይዘው። የአየር ግፊት ማሳያዬ ከሁለት ቀስት ወደ ስክሪን ተቀይሯል። ቁልቁለት ላይ ልተማመንበት? (ከአጣዬ)

መልስ፦ ስለ አየሩ ይተማመኑበት፤ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 8 ባር ይይዛል፣ በጣም ሲወርድም ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ስለ ፍሬኑ ግን አይተማመኑበት። አየሩ ሙሉ ሆኖ ሸራው ሊግል ይችላል፤ የጋለ ሸራ አይይዝም፣ ያንን ደግሞ ቀስትም ስክሪንም አያሳይዎትም። ዋሻውን እንደወጡ መኪናው ሳይፈጥን ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ያስገቡ፤ ፔዳሉ ከወትሮው ረዝሞ ከገባ ወይም ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልገው ቁመው ሸራው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ጎማው ላይ ውኃ አይድፉበት።