9.81 አልመጣ ላላችሁ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በፊዚክስ ላብ ክር ላይ ኳስ አንጠልጥላችሁ የምድርን ስበት ለምትለኩ ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በስበት ልኬት ነው። በስምጥ ሸለቆ መሣሪያ ተሸክመን ከቦታ ቦታ እየሄድን፣ በስበት ልዩነት ከመሬት በታች ምን ዓይነት ድንጋይ እንዳለ ስንገምት ኖረናል። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የሰፈር ልጆች የላብ ሪፖርታቸውን ያሳዩኛል። አንድ ነገር ደጋግሜ ስለማይ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

መልሱ ሁልጊዜ 9.81 ነው። ክሩ ሌላ፣ ኳሷ ሌላ፣ ሰዓት የያዘው ልጅ ሌላ። መልሱ ግን አንድ። እውነተኛ ልኬት እንዲህ አይገጥምም።

ለምን እንደምታደርጉት ይገባኛል። መጽሐፉ 9.81 ይላል፣ ማርክ የሚገኘውም ለእሱ በመቅረብ ነው። ስለዚህ ካልኩሌተሩ 9.6 ሲያወጣ ከመልሱ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ትሠራላችሁ። ለ9.81 የሚሆን ሰዓት ፈልጋችሁ ሰንጠረዡ ላይ ታሰፍራላችሁ። ይህ ኩረጃ ነው፤ ስሙን ማሳመር አልፈልግም። የበለጠ የሚያሳዝነኝ ግን አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ የኮረጃችሁት ቁጥር የአዲስ አበባ አለመሆኑ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የስበት መጠን 9.77 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አካባቢ ነው። 9.81 የአውሮፓ ቁጥር ነው። እንደ ፓሪስና ለንደን ባሉ ከተሞች ሲለካ የሚገኘው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ጉባኤ ለስሌት እንዲመች 9.80665ን መደበኛ ቁጥር አድርጎ መረጠ። ስምምነት ስለሆነ የማንንም ከተማ አይገልጽም። እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ምድር ወገቧ ላይ ትንሽ ፈጠጥ ያለች ስለሆነች ከመሃሏ እንርቃለን፤ ሽክርክሪቷም ክብደታችንን ጥቂት ያቀልለዋል። በዚያ ላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ሁለቱም ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትቱታል፤ የወገብ ቅርበቱ ይበልጣል።

ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋለው ሰው ታሪክ ለእናንተ የተጻፈ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1672 ዣን ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ወደ ካየን ሄደ። ካየን በደቡብ አሜሪካ፣ ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ የራቀች ከተማ ናት። ፓሪስ ላይ በትክክል ሲሠራ የነበረው የፔንዱለም ሰዓት፣ ማለትም እንደ እናንተ ኳስ በሚወዛወዝ ክብደት የሚቆጥር ሰዓት፣ እዚያ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ሪሼ ሰዓቱን ለማስተካከል ፔንዱለሙን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ማሳጠር ነበረበት። ሙቀቱ ብረቱን አርዝሞት ይሆናል፣ ሰውየው ተሳስቶ ይሆናል ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። እሱ ግን ለአሥር ወር፣ በየሳምንቱ እየደጋገመ ለካ። ያገኘውንም እንዳገኘው ጻፈ። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ምድር ወገቧ ላይ የተለጠጠች መሆኗን ሲያስረዳ ይህን ልኬት ማስረጃ አድርጎ ጠቀሰው።

ሪሼ “ፓሪስ ላይ የሚታወቀው ይህ ነው” ብሎ የፓሪሱን ርዝመት ቢጽፍ ማንም አይጠረጥረውም ነበር። በነገራችን ላይ፣ ያንኑ የፓሪስ ሰዓት አምጥታችሁ አዲስ አበባ ላይ ብትሰቅሉት እሱም በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይዘገያል። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፤ ከባድ አይደለም።

ስለ ከፍታው ደግሞ ፒየር ቡገር የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ ኪቶ ድረስ ሄዶ ነበር። የዛሬዋ የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶም እንደኛ ከተማ ተራራ ላይ ያለች፣ ለወገብ የቀረበች ናት። ፔንዱለሙን ከባሕር ዳርቻ አንስቶ እስከ ተራራው ድረስ እየወሰደ ለካ። ከፍ ባለ ቁጥር ስበቱ ቀነሰ። ግን በከፍታ ብቻ ተሰልቶ ከሚጠበቀው ያነሰ ነበር የቀነሰው፤ ተራራው ራሱ ስለሚስብ። እኛ በሙያችን እስከ ዛሬ “የቡገር እርማት” እንላለን።

አሁን ወደ ላቡ እንመለስ። አንድ ሜትር ፔንዱለም አዲስ አበባ ላይ አንድ ምልልስ፣ ማለትም ሄዶ እስኪመለስ፣ 2.01 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አንዱን ብቻ ብትለኩ ጣታችሁ ሰዓቱን ለመጫን የሚዘገይበት ጊዜ፣ 0.2 ሰከንድ እንበለው፣ አሥር በመቶ ስህተት ነው። ስሌቱ ላይ ጊዜው ስኩዌር ስለሚሆን መልሱ ሃያ በመቶ ይዛባል። ሃያ ምልልስ ስትለኩ ግን ያቺው 0.2 ለ40 ሰከንድ ትከፋፈላለች፤ መልሱ የሚዛባው አንድ በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ሃያ ቁጠሩ የምትባሉት ለዚህ ነው።

አንድ በመቶ ማለት ግን 0.1 ነው። ስለዚህ በሃያ ምልልስ የሚገኝ ሐቀኛ መልስ “9.7፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.1” የሚል ዓይነት ነው። በዚህ ልኬት 9.77ን ከ9.81 መለየት አይቻልም። 9.81 ብሎ ከነጥቡ በኋላ ሁለት ዲጂት የሚጽፍ ልጅ መሣሪያው የማያውቀውን ነገር እየተናገረ ነው። 9.7 ያገኘ ልጅ ደግሞ ምንም አልተሳሳተም። ይህን ለመምህሮቻችሁም በአክብሮት እላለሁ፦ ማርኩን ለመልሱ ሳይሆን ልጁ ስለ ስህተቱ ላሰበው ብትሰጡት ኩረጃው ግማሽ በግማሽ የሚቀንስ ይመስለኛል።

መልሱ በጣም ከራቀ ግን አትደብቁት፤ የት እንደተሳሳታችሁ ይነግራችኋል። 10.8 አካባቢ መጣ? ኳሷን ስትለቁ “አንድ” ብላችሁ ጀምራችሁ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሃያ ያላችሁት አሥራ ዘጠኝ ነው። ስትለቁ “ዜሮ” በሉ። አንድ በመቶ ያህል ዝቅ አለ? ርዝመቱን ከመቆንጠጫው እስከ ኳሷ አናት ብቻ ለክታችሁ ይሆናል። ርዝመቱ እስከ ኳሷ መሃል ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ኳስ ግማሿ ስትረሳ ከሜትሩ አንድ በመቶ ጠፋ ማለት ነው። ሦስት በመቶ ያህል ዝቅ ካለ ደግሞ ብዙ ገፍታችሁ ለቃችኋታል። 30 ዲግሪ ከፍቶ የለቀቀ ሰው መልሱ በሦስት በመቶ ተኩል ያህል ይወርዳል። ላብ ውስጥ የተለመደው 10 ዲግሪ እንኳ 0.4 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ይህ ራሱ በፓሪስና በአዲስ አበባ መካከል ያለውን ልዩነት ያክላል! 5 ዲግሪ ይበቃችኋል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ሰዓቱን ኳሷ ጫፍ ስትደርስ አትጫኑ፤ እዚያ ስለምትዘገይ የቆመችበት ቅጽበት አይለይም። ከኋላዋ በጠመኔ መስመር አስምሩና መሃል ላይ ስታልፍ ተጫኑ፤ እዚያ በጣም ፈጣን ናት። ክሩን ደግሞ በብረቱ ላይ ጠምጥማችሁ አትሰሩት፤ ሲወዛወዝ ይጠመጠማል፣ ይፈታል፣ ርዝመቱ ይለዋወጣል። በሁለት ትንንሽ እንጨቶች መሃል ቆንጥጡት።

ላብ የሌለው ትምህርት ቤት ለምትማሩ፦ የማይለጠጥ ክር፣ ከጋራዥ የሚገኝ ከበድ ያለ ዳዶ፣ ሜትርና ስልክ ካላችሁ በቂ ነው። ሪሼ ስልክ አልነበረውም።

ከሁሉ የምወደው ግን ግራፉን ነው። ብዙዎች አንድ ርዝመት ለክተው ፎርሙላው ውስጥ ያስገቡና ይጨርሳሉ። ርዝመቱን ከ40 ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ከ20 እየቀያየራችሁ ስድስት ሰባት ጊዜ ለኩ። የአንዱን ምልልስ ጊዜ ስኩዌር ወደ ላይ፣ ርዝመቱን ወደ ጎን አድርጋችሁ ነጥቦቹን አስቀምጡ። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። 39.48ን፣ ማለትም የፓይን ስኩዌር አራት እጥፍ፣ ለስሎፑ (ለመስመሩ ዘንበልታ) ስታካፍሉ ስበቱን ታገኛላችሁ። እኛ ጋ ስሎፑ 4.04 አካባቢ መሆን አለበት። አሁን የኳሷን ግማሽ ረስታችሁ ነበር እንበል። መስመሩ እንዳለ ይንሸራተታል እንጂ ስሎፑ አይነካም፣ መልሱም አይበላሽም። መስመሩን ወደ ኋላ ብትቀጥሉት አግዳሚውን መስመር ከዜሮ በስተግራ 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆርጠዋል። የረሳችሁት ርዝመት እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። መልሱን አስቀድሞ ያዘጋጀ ልጅ ይህን አያይም፤ የእሱ መስመር በዜሮ በኩል ያልፋል።

በሙያችንም እንዲሁ ነው። የምንለካው በሚሊጋል ነው፤ አንድ ሚሊጋል የሜትር በሰከንድ ስኩዌር አንድ መቶ ሺህኛ ነው። መሣሪያውን 3 ሜትር ከፍ ብታደርጉት አንድ ሚሊጋል ያህል ይቀንሳል። በውስጡ ያለው ስፕሪንግ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በጥቂቱ ይሸሻል። ስለዚህ ጠዋት አንድ ነጥብ ላይ ለክተን እንነሳለን፣ ማታ እዚያው ነጥብ ላይ ተመልሰን እንለካለን። የጠዋቱና የማታው አይገጥሙም። አለመግጠማቸውን ስለምንጠብቅ አንደነግጥም። ልዩነቱን በሰዓት አካፍለን ቀኑን ሙሉ ከለካናቸው ነጥቦች ላይ እንቀንሳለን። አንድ ሰው ደክሞት የማታውን ቁጥር ከጠዋቱ ጋር “እንዲገጥም” አድርጎ ቢጽፈው ቀኑን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ የለፋው ቡድን ሥራ ሁሉ ይበላሻል፤ መበላሸቱንም ማንም አያውቅም። ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ የሚመረጠው ግን በእነዚህ ቁጥሮች ጭምር ነው። ይህን ልማድ ሰው መሥሪያ ቤት ሲቀጠር አይጀምረውም፤ ከትምህርት ቤት ይዞት ይመጣል።

የእውነት 9.77ን ከ9.81 ለመለየት ለምትፈልጉ አንድ መንገድ አለ። ፎቅ ያለው ትምህርት ቤት ከሆነ መምህራችሁን አስፈቅዱና ከደረጃው መሃል 4 ሜትር የሚሆን ክር በከባድ ብረት አንጠልጥሉ። ከሥር ማንም እንዳያልፍ አንድ ልጅ ይጠብቅ። አንድ ምልልስ 4.02 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በረጅም ክር ላይ የጥቂት ሚሊ ሜትር ስህተት ብዙም አይጎዳም፣ ውዝዋዜውም ቶሎ አይሞትም። ሃምሳ ምልልስ ቁጠሩ። ስበቱ 9.81 ቢሆን 200.6 ሰከንድ ይፈጃል፤ የአዲስ አበባው ከሆነ 201 ሰከንድ ገደማ። ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ የጣታችሁን መዘግየት ግን ይበልጣል። ሰዓት ያዡን እየቀያየራችሁ አምስት ጊዜ ድገሙት፣ አምስቱንም ቁጥር ሳትሰርዙ ጻፉ፣ አማካዩንም አውጡ።

መልካም የላብ ጊዜ ይሁንላችሁ።