ጋዝ ከማስሞላትህ በፊት ፊልትሮውን እይ (ጥያቄና መልስ)

እንዴት ሰነበታችሁ? የምሠራው ደብረ ማርቆስ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሰሞኑን ስለ ኤሲ ፊልትሮ፣ ማለትም ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር ስለሚያጣራው፣ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቪትስ አለኝ። ኤሲው ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ግን ደከመ። ጋዝ ላስሞላ?

መልስ፦ ቆይ፣ ወንድሜ! ጋዝ ሲያንስ እኮ ነፋሱ እንደ ድሮው ይመጣል፣ የሚጠፋው ቅዝቃዜው ነው። ያንተ ተቃራኒው ስለሆነ መጀመሪያ ፊልትሮውን እይ። ከጋቢናው ተሳፋሪ ፊት ያለውን የክሩስኮቶ ኪስ ክፈትና ዕቃውን አውጣ። በጎኑ ማሰሪያ ካለው አላቅቃት። ሁለቱን ጎን ወደ ውስጥ ጫን አድርገህ ወደ ታች ልቀቀው። ከኋላው ጠባብ የፕላስቲክ ክዳን አለ፣ ፊልትሮው እሱ ውስጥ ነው። መፍቻ እንኳ አያስፈልግህም። ባለፈው ከሞጣ የመጣ ኮሮላ ስከፍት በእጥፋቶቹ መሀል የጤፍ ገለባ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አንዲት የደረቀች ንብ አገኘሁ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ጋዝ አስሞልቶ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩለት።

ጥያቄ፦ የሞተሩን ፊልትሮ ቀይሬያለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ያ ለሞተሩ ነው፣ ይሄ ለሳንባህ።

ጥያቄ፦ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ይቻላል?

መልስ፦ ላይ ላዩን አቧራ ብቻ ከሆነ ቀስ ብለህ አራግፈው። ኃይለኛ ነፋስ ግን ስሱን ጨርቅ ይቀደዋል፣ ከዚያ በኋላ አቧራው በቀዳዳው ያልፋል። ውኃ ጭራሽ አታስነካው። ብዙ አምራቾች ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንዴ ቀይሩ ይላሉ። አንተ ግን በበጋ፣ ያውም በውቂያ ሰሞን፣ ፒስታ መንገድ ላይ የምትውል ከሆነ ያን ያህል አትጠብቅ። በየሁለት ወሩ አውጥተህ እየው።

ጥያቄ፦ አውጥቼ ብጥለውና ያለሱ ብነዳስ?

መልስ፦ እባክህ አታድርገው። አቧራው በቀጥታ ቀዝቃዛውና እርጥቡ ኢቫፖሬተር (አየሩን የሚያቀዘቅዘው የኤሲው ክፍል) ላይ ይለጠፍና ጭቃ ይሆናል። እሱን ለማጽዳት ብዙ መኪና ላይ ክሩስኮቶው መፈታት አለበት። የፊልትሮው ዋጋ ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ ኤሲውን ስከፍት የሻገተ ነገር ይሸተኛል። ሽቶ ሰቀልኩበት።

መልስ፦ እህቴ፣ ሽቶው ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ፊልትሮውን ቀይሪ። ከዚያ ቤትሽ ልትደርሺ ጥቂት ደቂቃ ሲቀርሽ ኤሲውን አጥፊና ነፋሱን ብቻ ተይው፣ እርጥበቱ ይደርቃል። ካልተሻለው ኢቫፖሬተሩን ማሳጠብ ነው።

ጥያቄ፦ ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን አባይ በረሃን ስንወርድ የከባድ መኪና ጭስ ይገባብናል። የከሰል ፊልትሮ ያስቀረዋል?

መልስ፦ ሽታውን ይቀንሰዋል። ከጭነት መኪና ኋላ ስትሆኑ ደግሞ የውስጡን አየር የሚያዞረውን ቁልፍ ተጫኑ። ጭሱን ስታልፉት መልሱት፣ ለረጅም ሰዓት ከተዘጋ አየሩ ይታፈንና ሹፌሩን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። የሚሸታችሁ የራሳችሁ መኪና ጭስ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጭሱ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ የከሰል ፊልትሮም አያስቀረውም፣ ሰው ይገድላል። መስኮት ክፈቱ፣ መኪናውን አቁሙ፣ ማርሚታውን አስፈትሹ።

ጥያቄ፦ የኔ አሮጌ ኮሮላ ነው፣ ፊልትሮውን ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦ ጋሼ፣ ብዙ አሮጌ መኪና ከነጭራሹ የለውም። አንዳንዱ ደግሞ ቦታው እያለው ባዶውን ነው የሚመጣው። ነገ ብቅ ይበሉ፣ አብረን እናየዋለን። ቦታው ካለው ፊልትሮ ገዝተን እናስገባለን፣ ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ነፋሱ ወደሚሄድበት እንዲያይ አድርገን።